ቆመው የከረሙ በርሜሎች

ጡረታ የወጣሁ ቀን መሥሪያ ቤቴ ከእኔ የፈለገው አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ነበር። ክሊራንስ የምትሞላው ሠራተኛ መዝገቡን ገልጣ፣ «ጋሽ ታደለ፣ በስምዎ አንድ የእጅ ባትሪ ወጪ ሆኗል። ካልመለሱ ማኅተም አልመታም» አለችኝ። ባትሪው ሽንፋ ወንዝ ውስጥ ከገባ ስንት ዓመቱ! ብነግራት «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አለች። አንድ ገዝቼ አስረከብኩና ወጣሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር እየተላክሁ ስንት ፋይል ጽፌያለሁ። ስለ አንዱም ፋይል የጠየቀኝ አልነበረም።

ሻይ ቤት የሚያገኙኝ ሰዎች ግን «የትኛው ነው የከበደህ?» ይሉኛል። ብዙ ሰው ያለቀበትን የምነግራቸው ይመስላቸዋል። የከበደኝ አንድ ሰው ብቻ የሞተበት ነው፤ መተማ ቆላ ላይ የወደቀች አንዲት የርጭት አውሮፕላን።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። ሥራ የጀመርኩት በመካኒክነት፣ ጥጥና ማሽላ ላይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በመጠገን ነበር። የመጀመሪያው ምድቤ አብደራፊ ሆነ። እዚያ ቁልፍ ፀሐይ ላይ ረስተህ መልሰህ ብታነሣው መዳፍህን ይልጠዋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጀምረን ረፋድ ላይ እንጨርስና ከክንፉ ጥላ ሥር እንጋደማለን። አበሉ ለውሃ መግዣ እንኳ አይበቃም ነበር፤ እሱን ትቼዋለሁ። ሞተር ማወቅ የቻልኩት ግን እዚያ ነው። ድምፁን ሰምቼ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ መናገር እችል ነበር።

ወደ ምርመራ የሳቡኝ አቶ ወንድይፍራው ናቸው። ቀጭን ሰው ነበሩ። ደጋም ሆነ ቆላ ካኪ ኮታቸውን አያወልቁም። የወደቀ አውሮፕላን ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ ብለው፣ ከዚያ ከአጠገቡ። እኔ ቸኩዬ አንድ ነገር ላነሣ ስል «እጅህን እሰር!» ይሉኛል። ሦስተኛውን ዙር ሲጨርሱ ብቻ ነው እርሳስ የሚያወጡት። በቦርሳቸው የታጠቡ የማርማላታ ጠርሙሶች አይጠፉም። ነዳጅ የሚቀዱት በእነሱ ነው፤ መስታወት አይዋሽም ይላሉ። ከቀዱት ላይ አንድ ጠብታ በእጃቸው ጀርባ ያኖራሉ። ቤንዚን ከሆነ ቆዳን አቀዝቅዞ ወዲያው ይጠፋል፤ ውሃ ከሆነ ቁጭ ብሎ ያይሃል።

ከሁሉ በላይ የሚመክሩኝ ግን አንድ ነገር ነበር። «ነዳጅ የሞላውን ሰው ፈልግ። ተቆጥተህ አትሂድበት፤ ተርበህ ሂድበት። አብሮህ ከበላ ይነግርሃል።» በጊዜው ሳቅሁ። ሽማግሌው ምግብ ይወዳሉ አልኩ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ ሪፖርቱ ወፍራም ካልሆነ አይወድም። አንዱ ፊርማው ላይ ሰባት ቀን ይተኛል። የመጨረሻው አለቃዬ ግን ገና ከመስክ ስመለስ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ «የአብራሪው ስህተት ነው አይደል?» ብሎ የሚቀበለኝ ሰው ነበር። ይኸ ቃል አንጀቴን ያሳርረዋል። ሰነዱ ቶሎ ይዘጋል፤ ድርጅቱ አይቀየምም፤ ሙት አይከራከርም።

የመተማው ስልክ የመጣው ጥቅምት ውስጥ ነው። ግሪሳ ወፍ ማሽላውን እየጨረሰው ስለነበር አንድ የግል የርጭት ድርጅት አውሮፕላን ልኮ ነበር። ግሪሳ የሚረጨው ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ወፉ ሊያድር ሲሰበሰብ ነው። አውሮፕላኗ ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ካለ ሰፊ እርሻ የአፈር ሜዳ ላይ ተነሥታ፣ ገና ከፍታ ሳትይዝ ሞተሯ ጠፋ። አብራሪው ካፒቴን እዮብ ወዲያው ሞተ። የሳንጃ ልጅ ነው።

እኔ ጎንደር ደርሼ መንገድ ተዘጋ። አዘዞ ላይ «ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል» እየተባልኩ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። እርሻው ላይ የደረስኩት በአራተኛው ቀን ነው። አደጋው ቦታ ላይ የጎማ ዱካና የተቃጠለ ሣር እንጂ አውሮፕላን የለም።

«አውሮፕላኑስ?» አልኩ።

የእርሻው ኃላፊ አቶ ጌጡ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ይኸ ነው ያስቸገረኝ። «እንዳይሰረቅ ብለን በትራክተር ጎትተን ግቢ አስገባነው፣ ኢንጅነር» አሉ። እዚያ አገር ፋይል የያዘ ሁሉ ኢንጅነር ነው። «ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብለን አጠብነው።»

«ምን አላችሁ?»

«አጠብነው። ሞተሩ ጭቃና ዘይት ብቻ ነበር። በፓምፕ፣ በጎማ ልጆቹ ጥርት አድርገው አጠቡት።»

እውነትም ሞተሩ ያበራ ነበር። ካርቡራተሩን ስፈታ ውሃ ጠብ አለ። የነዳጅ ማጣሪያውን ስከፍት ውሃ አለ። ነዳጅ ውስጥ ውሃ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ የመጣሁ ሰው፣ በውሃ የታጠበ ሞተር ተሰጠኝ። ቁጭ አልኩና ራሴን ያዝኩ። አቶ ጌጡ «ምነው፣ በደንብ አልጸዳም እንዴ?» አሉኝ።

ፕሮፔለሩን ግን ውሃ አያሳስተውም። ሞተሩ በጉልበት እየዞረ መሬት ቢመታ ኖሮ ምላጮቹ እንደ በግ ቀንድ ይጠማዘዙ ነበር። አንደኛው ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ሌላው ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ሞተሩ አየር ላይ እያለ ጉልበቱን አጥቷል ማለት ነው። ለምን እንዳጣ ግን ፕሮፔለር አይነግርም።

ሰሊጥ ለማጨድ የመጡ የቀን ሠራተኞች የሸራ ዳሳቸውን የተከሉት ከሜዳው ጫፍ ነበር። ከመካከላቸው ከጎጃም የመጣ ሙሉዓለም የሚባል ጎልማሳ ያየውን ነገረኝ።

«እራት ልንበላ ተሰብስበን ነበር። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለ። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ መጣብን፤ ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ይታየኛል። እኛ ደንግጠን መሮጥ እንኳ አልቻልነም። አጠገባችን ሲደርስ ክንፉን ወደ ቀኝ ጣለውና ያን ግራር መታው።»

«ወደ ቀኝ ባይዞርስ?»

ዳሱን በእጁ አሳየኝ።

ከተማ ውስጥ የሚወራው ደግሞ ሌላ ነው። «አብራሪው ጠጥቶ ነበር።» ማን አየ? ማንም። ግን ወሬው ከእኔ በፊት ጎንደር ደርሷል። የወረዳው ቃለ ጉባኤም ሳይቀር «በአብራሪው ስህተት ሳይሆን አይቀርም» ይላል። የጻፈውን ሰው ፈልጌ አገኘሁት። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለኝ፣ ከልቡ።

በማግስቱ መተማ ዮሐንስ ገብቼ ሻይ ስጠጣ፣ ፊት ለፊቴ ጋራዥ በር ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከመካኒኩ ጋር ይጨቃጨቃል። ሰይድ ይባላል። ባጃጁ ሦስት መቶ ሜትር ሳትሄድ ትጠፋበታለች። «ካርቡራተሩን አጽድቼልሃለሁ» ይላል መካኒኩ። «ታዲያ ለምን ታስላለች?» ይላል ሰይድ።

«ታስላለች» ሲል ጆሮዬ ቆመ። ተነሥቼ ሄድኩ።

«ቤንዚን ከየት ቀዳህ?» አልኩት።

«ከጠርሙስ ነዋ፣ ያው ከሚሸጡት። ማደያ ቤንዚን መቼ አለና።»

«ቀለሙ ምን ይመስል ነበር?»

ፊቱ ተለወጠ። «ቤንዚን ቀለሙ ምን ይመስላል፣ ያ ዞል?» ብሎ፣ በሱዳኖቹ አጠራር «ሰውዬ» ማለቱ ነው፣ ፊቱን አዞረ።

የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል፤ ከመኪና ቤንዚን እንዲለይ ነው። ይኸን ለሰይድ አልነገርኩትም። «እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ማን እንደሸጠልህ አልጠይቅህም። ከነዳጅ መያዣው፣ ከሳልባትዮው ብቻ አስቀዳኝ፣ ባጃጅህንም በራሴ እጅ አስነሣልሃለሁ» አልኩት። ብዙ አሰበ። መካኒኩ «እሺ በል እንጂ» አለው።

በማርማላታ ጠርሙስ ቀዳሁ። ከላይ እንደ ሰማይ የፈዘዘ ሰማያዊ፣ ከታች ሦስት ጣት የሚሆን ጥርት ያለ ውሃ፣ ከውሃው ግርጌ እንደ በርበሬ ደቃቅ የሆነ ዝገት። አንድ ጠብታ ከታችኛው በእጄ ጀርባ ላይ አኖርኩ። አልጠፋም።

ሰይድ ያኔ አወራ። አውሮፕላኗ በወደቀች በማግስቱ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይታጠብ በፊት፣ የግራ ክንፏ ሳልባትዮ ደህና ስለነበር ሰዎች በጀሪካን ቀድተው ከተማ አምጥተው ሸጡት። ስርቆት ነው፤ ግን ከዚያ ሁሉ ጠንቃቃና ጨዋ ሰው መካከል ማስረጃዬን ያቆየልኝ ሌባው ነው። ጠርሙሱን አሸግሁ፤ ሰይድና መካኒኩ ምስክር ሆነው ፈረሙ። ባጃጇንም አስነሣሁለት።

ከዚያ ወደ ሜዳው ተመለስኩ። የነዳጅ በርሜሎቹ ከማኮብኮቢያው ዳር፣ ያለ ጣራ፣ በሰልፍ ቆመዋል። ክረምቱን እንደቆሙ ነው የከረሙት። ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ በአንዳንዶቹ አናት ላይ እስካሁን ተኝቷል፤ የሞቱ ትንኞች ይንሳፈፉበታል። በርሜል ይተነፍሳል። ቀን ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር በክዳኑ ስንጥቅ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይስባል፤ አናቱ ላይ ውሃ ከተኛ ውሃውን ይጠጣል። በጎኑ ቢተኛ ይኸ ሁሉ አይመጣም። አስከፍቼ አየኋቸው። ከአምስቱ ግርጌ ውሃ ወጣ።

አውሮፕላኗ የምትቆምበትን ቦታ ደግሞ በግማሽ ውሃ በተሞላ ጠርሙስ ለካሁት። መሬቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። እዚያ ከቆመ አውሮፕላን ከሥር ባለው መቅጃ ብትቀዳ ንጹሕ ቤንዚን ይወጣልሃል፤ ውሃው በሌላው ጥግ ተኝቶ፣ ተነሥተህ አፍንጫዋን ስታቀና ነው ወደ ሞተሩ የሚሄደው።

ይኸን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ቦታውን አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት መጥቼበታለሁ።

ያኔ ሌላ አብራሪ፣ ሌላ አውሮፕላን፣ ያው ድርጅት ነበር። ሞተሩ እየሳለ ሰሊጥ ውስጥ አረፈ፤ ሰውየው አንድ ጭረት እንኳ አላገኘውም። ማጣሪያውን ስከፍት ውሃ አገኘሁ። በርሜሎቹ ከእኔ አራት መቶ እርምጃ ያህል ርቀው ይታያሉ። መቆማቸውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ሹፌሩ ክላክስ እየነፋ «መንገዱ ይዘጋል፣ ጋሼ!» ይለኛል። ማንም አልሞተም፤ ጠግቤያለሁ፤ ሞቋል። ወደ መኪናው ገባሁ። ሪፖርቱ ላይ በአሥራ አንደኛው ገጽ «ነዳጅ በአግባቡ ይከማች» ብዬ ጻፍኩ። በአግባቡ ማለት ምን ማለት ነው? በጎኑ ይተኛ ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? በእንግሊዝኛ የተጻፈው ያ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲሄድ ሲሄድ አንድ መደርደሪያ ላይ ቀረ። የቀረበትን አልጠየቅሁም።

ነዳጅ የሞላውን ሰው ስጠይቅ ፖሊስ ጣቢያ ነው አሉኝ። «ሆን ብሎ አበላሽቶት እንዳይሆን» ተብሎ ተይዟል። አብዱ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፤ ሱዳን ጥጥ እርሻ ላይ የኖረ ሰው ነው። ፉልና ዳቦ ገዝቼ ገባሁ። ተረኛው ፖሊስ አግዳሚ ወንበር ሰጠን። በአንድ ሳህን በላን።

«እዮብ ያን ቀን ከክንፉ ሥር ቀድቶ አይቷል» አለኝ አብዱ። «በጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ‹ንጹሕ ነው፣ አብዱ› አለኝ። ሰካራም የሚሉት ውሸት ነው። ያ ልጅ ጠጅ አይደለም፣ ለስላሳ እንኳ ጥርሴን ያመኛል ብሎ አይጠጣም።»

«በርሜሎቹን ለምን አቁመህ አስቀመጥካቸው?»

«እንዴት ላስቀምጣቸው ኖሯል?»

ነገርኩት። እየነገርኩት ማኘክ አቆመ።

«ይኸ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው?»

«የሚታወቅ ነው።»

ረዘም አድርጎ አየኝ። «እኔ አንቱን አውቅዎታለሁ። ያኛው አውሮፕላን ሰሊጥ ውስጥ ያረፈ ጊዜ መጥተው ነበር። እኔ በርሜሎቹ ጋ ቆሜ ነበር። ያናግሩኛል ብዬ ሻይ አስጥጄ ጠበቅሁዎት። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። «ያን ቀን ቢነግሩኝ በዚያው ሰዓት አስተኛቸው ነበር። ምን ያቅተኛል? በርሜል ነው እኮ።»

ጎንደር ስገባ ለወረዳው ፖሊስ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከስንት ምልልስ በኋላ አብዱ ተለቀቀ። ድርጅቱ ግን መልሶ አልቀጠረውም።

ሪፖርቱን ስጽፍ ሦስት ነገር ግልጽ አድርጌ አስቀመጥኩ። ሞተሩን ያጠፋው ውሃ ነው። አብራሪው መፈተሽ ያለበትን ፈትሿል፤ በመጨረሻም ሠራተኞቹ ላይ እንዳይወድቅ ዞሯል። ሦስተኛው አንቀጽ፣ መሥሪያ ቤታችን ይኸን አደጋ የሚያመጣውን ነገር ከሦስት ዓመት በፊት አይቶ እስከ መጨረሻው አልተከታተለም የሚል ነበር፤ የመርማሪውንም ስም ጻፍኩ፤ የእኔን።

አለቃዬ ጠራኝ። «ታደለ፣ አብራሪውን ነጻ ማውጣትህን ተቀብያለሁ። ይኸ ሦስተኛው አንቀጽ ግን ይውጣ።»

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነት መሆኑን ማን ካደ? ራስህን ትከሳለህ እንዴ? መሥሪያ ቤቱንስ? አንቀጹ ካልወጣ ሪፖርቱ አይወጣም።»

ስምንት ወር ተከራከርኩ። በነዚያ ስምንት ወራት ሳንጃ ላይ የእዮብ አባት የሰካራም አባት ይባሉ ነበር። በመጨረሻ አንቀጹን አወጣሁት፤ ፈረምኩ። ልጁ ነጻ ይውጣ እንጂ የእኔ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ብዙ ነገር የሚበላሸው እንዲህ ተብሎ ነው።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። «የእዮብ አባት ነኝ፣ ማረው እባላለሁ። ወረቀቱ ደርሶኛል። እንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሁለት ቅጠል ሞክሮ ይኸ የአውሮፕላን ቋንቋ ነው፣ አላውቀውም አለኝ። ልጄ ምን እንደሆነ የሚያነብልኝ አጣሁ።»

ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ ወረቀት፣ ቤተሰቡ በማያነበው ቋንቋ! ስንት ዓመት እንዲህ ስንልክ ኖረናል፤ እኔ ራሴ ስንቱን ልኬያለሁ። ፈቃድ ወስጄ ሳንጃ ወረድኩ።

አቶ ማረው ረጅም፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ አዛውንት ናቸው። ሪፖርቱን በፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አኑረውታል። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ በአማርኛ ነገርኳቸው። ልጃቸው ነዳጁን መፈተሹን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ዳሱ ስነግራቸው ግን ወደ ደጅ ወጥተው ጥቂት ቆዩ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ይኸ የበርሜል ነገር» አሉ፣ «ከዚያ በፊት አይታወቅም ኖሯል?»

የታተመው ወረቀት ስለዚህ ምንም አይልም። አይታወቅም ብል የሚያጋልጠኝ የለም።

«ይታወቅ ነበር።»

«ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። አራት መቶውን እርምጃ፣ ክላክሱን፣ «በአግባቡ» ያልኩትን፣ የወጣውን አንቀጽ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከግድግዳው ሥር የልጅ ልጃቸውን ደብተር አነሡ፤ ከመሃሉ ሁለት ቅጠል ገንጥለው ከስክሪብቶ ጋር ሰጡኝ።

«አሁን ያሉኝን ሁሉ ይጻፉልኝ። በአማርኛ። ስምዎንም ይጻፉበት።»

ጻፍኩ። ከስንት ወፍራም ሪፖርት በኋላ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል የመጀመሪያ ወረቀቴ እሱ ነው። በርሜል ለምን መቆም እንደሌለበት ጭምር ጻፍኩበት። ፈርሜ ሰጠኋቸው።

«ይቅር እንድልዎ ነው የመጡት?» አሉኝ።

«አይደለም። ሊያነብልኝ የሚችል አጣሁ ስላሉኝ ነው።»

«ደግ። እሱን ዛሬ አይጠይቁኝ።» ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጎረቤቶቻቸውን አስጠርተው ያንኑ ወረቀት መልሰው አውጥተው በፊታቸው አስነበቡኝ፤ የልጃቸውን ስም በክፉ ሲያነሡ የነበሩትንም ጭምር። ከአንድ አዛውንት በቀር ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ሸኙኝ።

ድርጅቱ በቀጣዩ ወቅት እንደገና ግሪሳ ሊረጭ ገባ። ለአቶ ጌጡ በርሜሎቹን አስተኟቸው ብዬ በቃሌ ነግሬያቸው ነበር፤ እሺ ብለውኛል። ሪፖርቱም ለድርጅቱ ተልኳል። በአንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። አቶ ጌጡ ናቸው፤ ያለከልካሉ።

«ኢንጅነር፣ ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ከሳንጃ አንድ ሽማግሌ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። የደብተር ቅጠል ይዘው ነዳጁ የት ነው አሉኝ። አዲሶቹን በርሜሎች የድርጅቱ ሰዎች ቦታ ይቆጥባል ብለው አቁመዋቸው ነበር፤ ያወረዷቸው እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። አሁን ሽማግሌው ኮታቸውን አውልቀው አንድ በአንድ እየገፉ ያጋድሙብኛል። ሦስቱን ጥለዋል። ተዉ ብላቸው አይሰሙ፣ እንዳላስወጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ምን ላድርግ?»

«ስንት ቀርቷል?» አልኩ።

«ኧረ ብዙ ነው! ሙሉ በርሜል እኮ ነው፣ ወገባቸው ይቆረጣል!»

«እንግዲያማ ስልኩን ይዝጉና አብረዋቸው ይግፉ» አልኳቸው።